ወፍራሙን ስጠኝ

የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ይህ ከመነሻው ይታወቅልኝ። በትራክተሩ ተናድጃለሁ። በዘይቱ ተናድጃለሁ። ዘይት እንደ እስረኛ በቁጥር ይጠራ ብሎ ደንብ ባወጣው ሰው፣ ማን እንደሆነ ባላውቀውም፣ ከሁሉም በላይ ተናድጃለሁ። በሬ እንኳ ስም አለው። ቡሬ ይባላል፣ ዳለቻ ይባላል። "አርባ ስድስት፣ ና ወዲህ" ተብሎ የተጠራ በሬ በዕድሜዬ አላየሁም።

ከዋጫ መንገድ ገባ ባለው ቀበሌያችን ዘጠኝ ቤተሰብ ተሰባስበን አንድ ያገለገለ ትራክተር ገዛን። ከዘጠኛችን ስምንቱ ወደን ነው የገባነው። ዘጠነኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው፣ የሟች ታላቅ ወንድሜ ሚስት። እሳቸውን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት ጥሩ በሬዎች ነበሯቸው። "እነሱ ይበቁኛል፣ ተወኝ" አሉ። እኔ ደግሞ ተወኝ ሲሉኝ የምተው ሰው አይደለሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ደጃቸው እየተቀመጥኩ አደረቅኳቸው።

"እትዬ፣ በሬ ይታመማል" እላለሁ።

"ይታከማል" ይላሉ።

"በሬ ሳር ይፈልጋል።"

"ሳር ሞልቷል።"

"ትራክተር ግን ሥራ ካልሠራ አይበላም!"

"አንተስ?" አሉኝ። "ሦስት ቀን ሥራ ሳትሠራ ቆጮዬን ስትበላ አይደል የሰነበትከው?"

በሦስተኛው ቀን ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ በሬዎቹን ሸጠው ገቡ። እኔም በደስታ ብዛት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ማልኩ። "ማሳዎ ዝናብ ሳይገባ ባይታረስ እኔ ራሴ ቀንበር ተሸክሜ አርሳለሁ! ያንን ቀንበርዎንማ ፈልጠው ይማግዱት!" አልኩ። እትዬ አስካለ ግን ቀንበሩን አልፈለጡትም። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

የእሳቸው ማሳ ታች ረግረጉ ጥግ ነው። ዝናቡ አንዴ ከገባ መሬቱ እንደ ገንፎ ይሆናል። ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፣ ትራክተር ደግሞ እስከ መሪው። በዚያ ከደረሰ የዓመቱ በቆሎ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ተራ ስናወጣ መጀመሪያ የእሳቸው ይታረስ ተባባልን።

ሥራም ተከፋፈልን። ሹፌሩ ታደለ ነው፣ ከአርሲ የመጣ፣ ትራክተር ላይ ያደገ ሰው። እኔ የዘይት ኃላፊ ሆንኩ። ለምን እኔ? የማር ሰው ስለሆንኩ። አርባ ዓመት ማር ስገዛና ስሸጥ ማንም ሸውዶኝ አያውቅም። ጣቴን እነክራለሁ፣ ወደ ላይ እስባለሁ። ክር ሆኖ ከተከተለኝ ማር ነው። ቶሎ ከተበጠሰ ውሃ ገብቶበታል። ሌላ ምርመራ የለም። ስብሰባው ላይ "በማር ያልተሸወደ ሰው በዘይት አይሸወድም" ተባለና እጅ ወጣ። ያን ዕለት እጃቸውን ያወጡት ሰዎች ዛሬ እኔን ጥፋተኛ ሲያደርጉኝ እሰማለሁ። እጃቸውን ያወጡት እኮ እነሱ ናቸው!

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ከእኔ ሳይሆን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ይሻላል። ትራክተሩ የመጣ ዕለት አምሮ ይታይ ብዬ በአመድና በአሸዋ አጥቤው ነበር። ጎኑ ላይ አንድ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። እንደ እከክ አስጠላኝ። ፋቅሁት፣ ፋቅሁት፣ ድራሹን አጠፋሁት። ታደለ ሲመጣ ጭንቅላቱን ያዘ።

"አባባ! የሚሄድለትን የዘይት ዓይነት የሚነግረን እሱ ነበር እኮ!"

"ወረቀት የሚነግርህ ከሆነ አንተን ለምን ቀጠርንህ?" አልኩት። የዚያን ዕለት ያሸነፍኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የተወኝ አዝኖልኝ ነው።

የእትዬ አስካለ ተራ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ከትራክተሩ ኋላ አንድ ቱቦ ፈነዳ። ዘይቱ ሁሉ ፈሰሰና መሬት ጠጣው። የማያውቅ ካለ ላስረዳ። ከትራክተሩ ኋላ ሁለት የብረት ክንዶች አሉ። ማረሻው የሚንጠለጠለው እነሱ ላይ ነው። ታደለ አንዷን ዘንግ ሲስብ ክንዶቹ ማረሻውን ብድግ ያደርጉታል፣ ሲገፋት ያወርዱታል። ይህን ሁሉ ብረት የሚያነሳው ምን መሰላችሁ? ዘይት! ሃይድሮሊክ የሚሉት። እኔ ስሰማ ሳቅሁ። እንግዲህ ዘይት ይህን ያህል ክብደት የሚያነሳ ከሆነ ወፍራም፣ ጉልበተኛ ዘይት መሆን አለበት ብዬ በሆዴ ያዝኩ። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ግን እናንተም ብትሆኑ እንደዚያ ነበር የምታስቡት።

ታደለ ቱቦውን ቀየረ። "ዘይቱን ቦንጋ ሄደው ያምጡ። ቁጥሩን ግን መጀመሪያ ባለሙያ ይጻፍልዎት" አለኝ። በማግስቱ ቦንጋ ወረድኩ። ቢሮ ገብቼ የእርሻ መሣሪያ ባለሙያውን አገኘሁት። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ልጅ ነው። ብቻ አነጋገሩ!

"አባቴ፣ ዋናው ነገር ቪስኮሲቲው ነው። ስፔሲፊኬሽኑን ሳናይ ሪኮመንድ ማድረግ ትንሽ ያስቸግራል።"

"ልጄ፣ በአማርኛ።"

"ቅጥነቱ ማለቴ ነው።"

"ውፍረቱ በል እንጂ።"

"ያው ነው እኮ፣ አባቴ።"

"ያው አይደለም!" አልኩት። "አንተ ስለ ቅጥነት ነው የምታስበው፣ እኔ ስለ ውፍረት።"

አልተከራከረኝም። ስልክ አንስቶ ከታደለ ጋር ተነጋገረ፣ የትራክተሩን ዓይነት ጠየቀ፣ ከዚያ በወረቀት ላይ በትልቁ 46 ብሎ ጻፈልኝ። ከሥሩም "ሃይድሮሊክ" አለበት። "ከዚህ ሌላ እንዳይገዙ፣ አደራ" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እስከዚህ ድረስ ምንም አላጠፋሁም። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም።

መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ወረቀቱን አየና አንድ ጀሪካን ከመደርደሪያው አወረደ።

"ክፈተው" አልኩት።

"ለምን፣ ጋሼ?"

"ልቀምሰው አይደለም፣ አትፍራ። ልየው።"

ከፈተልኝ። ጣቴን ነከርኩ፣ ወደ ላይ ሳብኩ። ምን ክር አለው! ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እንደ ውሃ። ደሜ ፈላ።

"ይኼ ውሃ ገብቶበታል" አልኩት።

"ጋሼ፣ የታሸገ ነው እኮ። አሁን ዓይንዎ እያየ አይደል የከፈትኩት?"

"ሳይታሸግ በፊት ገብቶበታላ! አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ።"

"በዘይት ሥራ?"

"በማር።"

ባለሱቁ ጎኑ የቆመውን ሰው አየ፣ ያ ሰው ጣሪያውን አየ። እኔም መደርደሪያውን አየሁ። ጥጉ ላይ 140 የሚል ጀሪካን ተቀምጧል። "ያንን ክፈተው" አልኩት። ጣቴን ነከርኩ። ወገኖቼ፣ ዘይት ማለት እሱ ነው! ጥቁር፣ ከባድ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። ጣቴን ሳነሳ ክሩ እስከ ደረቴ ተከተለኝ። በዚያ ላይ መቶ አርባ ከአርባ ስድስት ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም።

"ወፍራሙን ስጠኝ።"

"ጋሼ፣ እሱ የካምቢዮ ነው! ለሃይድሮሊክ አይሆንም። ፓምፑ ሊስበው አይችልም።"

"ፓምፑ ሰነፍ ከሆነ ይልመድ!"

"ወረቀቱ ላይ እኮ አርባ ስድስት ነው የሚለው።"

"ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ጣቱን አልነከረም። እኔ ነክሬያለሁ።"

ባለሱቁ ወደ ደንበኞቹ ዞረና "ሁላችሁም ምስክሮቼ ናችሁ" አለ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምስክር መቁጠሩ አናደደኝና ሁለት ጀሪካን አደረግሁት።

በማግስቱ ጠዋት ጭጋጉ ገና አልተነሳም፣ ብርዱ ለብቻው ነው። ታደለ ጀሪካኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "አባባ፣ ይኼንን አልጨምርም" አለ። "ቁርሴን በልቼ ልምጣና ወደ ቦንጋ ደውለን እናስተካክላለን።" ሄደ። ቁርስ መብላቱ ነው ጥፋቱ። ሰው ኃላፊነት እያለበት ቁርስ ይበላል? እሱ እስኪመለስ የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ የዘይቱ ቤት አፍ ላይ ሰካሁና አንቆረቆርኩ። አይወርድም! ከጀሪካኑ ወጥቶ በአየር ላይ ቆሞ ያስባል። አንዱን ጀሪካን ለመጨረስ ከጠዋት እስከ ረፋድ ቆሜያለሁ። ደግሞ ኮራሁ፤ "ይኼ ነው ዘይት" እያልኩ ለብቻዬ አወራ ነበር።

ታደለ ሲመለስ ክዳኑን እየገጠምኩ ነው። ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠና እሱም አጠገቡ ተቀመጠ።

"ተነስ" አልኩት። "እትዬ አስካለ እየጠበቁ ነው። ደመናውን አታይም?"

ደመናውን አየና ሳይወድ ተነሳ። ፀሐይ ወጥታ ነበርና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ክንዶቹ ማረሻውን አነሱት። ቀስ ብለው፣ ወገቡን እንደያዘ ሽማግሌ እያቃሰቱ፣ ግን አነሱት። "አየህ?" አልኩት። አላየኝም። ማሳው ደረስን። ማረሻው ወረደ፣ አፈሩን ገለበጠው፣ የመጀመሪያው ትልም እንደ ክር ቀጥ አለ። እትዬ አስካለ ዳር ቆመው ያያሉ፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ታደለ ዘንጓን ሳበ።

ትራክተሩ ጮኸ። ፓምፑ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ተያዘ አሳማ ጮኸ። ማረሻው ንቅንቅ አላለም። ታደለ ገፋ፣ ሳበ፣ ገፋ፣ ሳበ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ሰማይም ከታደለ ጋር ተማክሯል።

"አይነሳም" አለ ታደለ። "ካልተነሳ ደግሞ መዞር የለም። ፊልትሮው፣ የዘይቱ ማጣሪያ፣ ታፍኗል።"

"ምን ገብቶበት?" አሉ እትዬ አስካለ።

ታደለ ጨዋ ልጅ ነው፣ እኔን አየ። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩ።

ደርቆ የጠጠረ ማር ምን ይደረጋል? ይሞቃል። ስለዚህ እሳት ከሥሩ እናንድድ አልኩ። ታደለ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና እጁን ዘርግቶ ትራክተሩ ፊት ቆመ፣ ልጁን ከአውሬ እንደሚጠብቅ አባት። "ነዳጅ አለበት፣ አባባ! ነዳጅ!" እሺ፣ እሳቱ ይቅር። የፈላ ውሃ በእንስራ አስመጣሁ፣ ጆንያ እየነከርኩ የዘይቱ ቤት ላይ ጠቀለልኩ። ግማሽ ቀን ቀቀልኩት። ማረሻው አንድ ስንዝር ያህል ብድግ አለ፣ ሰዉ እልል ሊል አፉን ከፈተ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ።

"ትንሽ ቅቤ ጣል ቢደረግበትስ?" አለ ጎረቤቴ አሰፋ። የእሱ ማሳ ተራው ዘጠነኛ ስለሆነ ቀልድ ያምረዋል።

በመጨረሻ ታደለ ራሱ ቦንጋ ባለሱቁ ዘንድ ደወለ። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ይሰማኝ ነበር። ትክክለኛውን ዘይትና አዲስ ፊልትሮ በሚኒባስ ይልካል፣ ግን የዕለቱ መኪና ሄዷል። የሚደርሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁላችንም ደመናውን አየን። እስከዚያ እንደማይጠብቀን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

እትዬ አስካለ ወደ ማሳው ገብተው ፊቴ ቆሙ። ቢጮኹብኝ በተሻለኝ።

"በሬዎቼን የሸጥኩት ትራክተሩን አምኜ አይደለም" አሉኝ። "ትራክተር ምን እንደሆነ የት አውቃለሁ። አንተን አምኜ ነው።"

ቤታቸው ገቡና ቀንበሩን ይዘው ወጡ። ጭስ የጠገበ፣ ጥቁር፣ መሐሉ በጠፍር የተላላጠ። እግሬ ሥር አስቀመጡት።

"ሂድ ጥራቸው" አሉ።

ዞሬ ለዳዶ ጠራሁ። ዳዶ በእኛ ዘንድ ተሰባስቦ የአንዱን ሥራ መጨረስ ነው። ድሮ ለአረምና ለአጨዳ ነበር፣ ለትራክተር የተጠራ ዳዶ ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት እኔን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰው ተሰበሰበ። አሰፋም መጣ፣ ሊያይ ነው መሰለኝ፣ ግን መጣ። ቀንበሩን በማረሻው ጀርባ ላይ አጋደምን፣ በገመድ ጠፈርነው፣ ግራና ቀኝ ተከፋፍለን ትከሻችንን ከሥሩ አገባን። ሌሎቹ በግንድ ከታች ይፈለቅቃሉ። መሐል ላይ፣ ሞፈሩ በሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ እኔ ነኝ።

ትራክተሩ አንድ ትልም ይሄዳል፣ እኛ በሩጫ እንከተለዋለን። ጫፍ ላይ ይቆማል። "ሆ!" እንላለን፣ ማረሻው ከአፈር ይወጣል፣ ታደለ ይዞራል፣ እኛም ተሸክመን እንደ ሠርገኛ አብረን እንዞራለን፣ "ልቀቁ!" ይላል፣ እንጥለዋለን። እንደገና ሩጫ። ትራክተር የገዛነው በሬ እንዲያርፍ ነበር፤ በሬው አርፎ እኛ ተጠመድን።

"ቀንበር ተሸክሜ አርሳለሁ ብሎ የማለው ማን ነበር?" ይላል አሰፋ ከጎኔ እያለከለከ።

"ዝም ብለህ ተሸከም።"

"አይ፣ መሐላ የሚያከብር ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ ነው።"

"ሳር ላምጣላችሁ?" ይላሉ እትዬ አስካለ ከዳር።

ሁሉም ሳቁ። ሲስቁ ጉልበት ያጣሉ፣ ክብደቱ እኔ ላይ ይወድቃል። ይህን አሰፋ ያውቃል፣ ሆን ብሎ ነው የሚያስቃቸው።

የመጨረሻው ትልም ሲያልቅ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ትከሻዬ ተልጦ ሸሚዜ ላይ ተጣብቋል። ታደለ ትራክተሩን ከማሳው አውጥቶ ጠንካራው መሬት ላይ እንዳቆመ የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። እትዬ አስካለ ዝናቡ ሥር ቆመው የታረሰውን መሬት ያያሉ፣ ነጠላቸውን እንኳ ወደ ላይ አልሳቡም። ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ንዴቴ በረደ። ትንሽ ብቻ ነው።

ምክንያቱም ከአንድ ሰዓት በኋላ ሚኒባሱ መጣ። አርባ ስድስት ወረደ። ታደለ የእኔን ዘይት አፈሰሰው፣ ሲፈስም ሰዓታት ፈጀ። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ያን ቀጭን ውሃ የመሰለ ነገር ጨመረበት። ተቀምጦ ዘንጓን በሁለት ጣት ሳባት። በሁለት ጣት! አሥራ ሁለት ሰው ስናቃስትበት የዋልነው ማረሻ እንደ ላባ ብድግ አለ። ምንም አልጮኸም። ወረደ። ብድግ አለ። አሥራ ሁለታችን ከጣሪያ ሥር ቆመን ትከሻችንን እያሸን እናየዋለን።

አሁንም አልገባኝም። ጉልበተኛው ቀጭኑ ነው ብሎ ነገር ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? ባለሙያው "ሲስተሙ ነው፣ አባቴ" አለኝ በስልክ። ሲስተሙ ይናደድ እንግዲህ። እኔ ከዘይት ኃላፊነት በስብሰባ ተነሳሁ፣ ያው እጆች ወጡ። ወፍራሙ ዘይት አልተጣለም። ለየቤቱ በጣሳ እያከፋፈልኩ የበር ማጠፊያ ላይ እያስቀባሁ ነው። ዛሬ በቀበሌያችን የሚጮህ በር አታገኙም። ለዚህ ያመሰገነኝ ሰው የለም።

የእትዬ አስካለ በቆሎ በቅሏል፣ ወገብ ደርሷል። ሰሞኑን ቤታቸው ሄጄ፣ "እትዬ፣ አሁንማ ትራክተሩ ደህና ነው። ያንን ቀንበር ፈልጠው ይማግዱት" አልኳቸው።

"አንተ ዘይት መምረጥ እስክትተው ይቆይ" አሉ።

"ተውኩ እኮ! አስወጡኝ እኮ!"

"እንግዲያው ሌላ ነገር መምረጥ እስክትተው።"

ቀንበሩ ከበራቸው ገባ እንዳሉ ተሰቅሏል። በገባሁ ቁጥር ግንባሬን ይለኛል። በሩ ዘይት ስለተቀባ ሲከፈት አይሰማም፣ እኔ ግን "ወይኔ!" ስል ከጓዳ ሆነው "ግባ፣ አንተ ነህ?" ይላሉ። ድሮ ከፍ ብሎ ነበር የሚሰቀለው፣ አውቃለሁ፣ የወንድሜ ቤት ነው። ሆን ብለው በእኔ ቁመት ለክተው ነው ያወረዱት።